የመርከብ ዐይን፤ ሎዋር 130 የተባለችው የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ቃኚ አይሮፕላን ታሪክ

ስለ ባሕር ጦርነት የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የመድፍ ታሪክ ነው። የትኛዋ መርከብ ስንት ጊዜ እንደ ተኮሰች፣ የትኛዋ እንደ ሰጠመች፣ አዛዡ ማን እንደ ነበረ በዝርዝር ይነገራል። ዳሩ ግን መድፉ ከመተኮሱ በፊት ጠላት በየት በኩል እንዳለ አይቶ የተናገረ ሰው መኖር አለበት፤ ይህ ሰው በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የሚያገኘው ስፍራ ብዙውን ጊዜ ከአንድ መሥመር አያልፍም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከማየት የበለጠ ሥራ ያልተሰጣትን አንዲት የፈረንሳይ አይሮፕላን ነው። ስሟ ሎዋር 130 ይባላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ ግን አንባቢ እንዳይቸገር እኛ እንደምንቆጥረው ተሰጥቷል።

ስለዚች አይሮፕላን የሚሰጠው ፍርድ አጭርና ጨካኝ ነው። ቀርፋፋ ነበረች፤ መሣሪያዋ ደካማ ነበረ፤ ጦርነቱ ሲጀመር ጊዜዋ አልፎ ነበር ይባላል። ፍርዱ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን አንድን መሣሪያ ባልተሠራበት ሥራ መመዘን የታሪክ ተማሪ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ስሕተት ነው። በቅሎ በሩጫ ከፈረስ አነሰች ተብላ አትወቀስም። ስለዚህ ጥያቄያችን ሎዋር 130 ምን ያህል ትፈጥን ነበር የሚል ሳይሆን፣ እንድታይ ስትላክ አየች ወይስ አላየችም፣ ማየቷስ ለላኳት ምን ጠቀማቸው የሚል ይሆናል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ቋንቋ ውሃ ላይ የሚያርፈውን አይሮፕላን ሁሉ በጅምላ የባሕር አይሮፕላን እንለዋለን። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ማንኛውም አይሮፕላን ሆኖ በመንኰራኵር ፈንታ ሁለት ተንሳፋፊ እግሮች የተገጠሙለት ነው። ሁለተኛው እግር የለውም፤ ሆዱ ራሱ እንደ ጀልባ ቀፎ ሆኖ ተሠርቶ በቀጥታ ውሃው ላይ ይቀመጣል። ይኸኛውን በራሪ ጀልባ ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። ሎዋር 130 ከሁለተኛው ወገን ነች። በክንፎቿ ሥር የሚታዩት ሁለት ትናንሽ ተንሳፋፊዎች ወደ ጐን እንዳትጋደም የሚደግፏት ናቸው እንጂ አይሸከሟትም።

ፈረንሳዮች በዚህ ሥራ ጀማሪዎች ነበሩ። በሞተር ኃይል ከውሃ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው አይሮፕላን ማርሴይ አጠገብ በሚገኘው በቤር ሐይቅ ላይ መጋቢት 28 ቀን 1910 የበረረው የአንሪ ፋብር ሥራ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍራንስዋ ደኖ የተባለው መሐንዲስ ሆዱ ጀልባ የሆነውን ዓይነት ሠራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ በመቶ የሚቈጠሩ እንዲህ ያሉ አይሮፕላኖችን ሰርጓጅ መርከብ ለመፈለግ አሰማርታለች። ለእኛ አካባቢ የቀረበውም ምሳሌ ከዚያው ጊዜ ይገኛል። የቱርክ ጦር በሲና በረሃ አቋርጦ ወደ ስዊዝ ቦይ በተንቀሳቀሰ ጊዜ፣ በ1914 መጨረሻና በ1915 መጀመሪያ፣ መምጣቱን ከሰማይ ሲከታተሉ ከነበሩት መካከል ፖርት ሳይድ የሰፈሩት የፈረንሳይ የባሕር አይሮፕላኖች ይገኙባቸዋል። እነዚያ ግን ባለ እግሮቹ ነበሩ።

ታዲያ ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳይ ከመርከብ ላይ የምትወረወር በራሪ ጀልባ ለምን አስፈለጋት? ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ የተፈጥሮ፣ ሌላው የገንዘብና የፖለቲካ ነው።

የተፈጥሮው ምክንያት የምድር ድቡልቡልነት ነው። ከባሕር ወለል 30 ሜትር ከፍ ባለ የመርከብ ምሰሶ ላይ የቆመ ተመልካች አድማሱ ከ20 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይርቅም። ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር ከመሬት ጕብጠት ሥር ይደበቃል። የሌላዋ መርከብ ምሰሶ ደግሞ በበኩሉ ከፍ ስለሚል ጥቂት ይጨመራል፤ ቢሆንም ብዙ አይደለም። በ1930ዎቹ የተሠሩት ታላላቅ መድፎች ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይተኩሱ ነበር። እንግዲህ መድፉ ከዐይኑ አልፎ ሄደ ማለት ነው። በ2000 ሜትር ከፍታ የሚበር ሰው ግን አድማሱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጉምና ትኩሳት የዚህን ቁጥር ግማሽና ከዚያም የበለጠውን ቢወስዱበት እንኳ ምሰሶ ላይ ካለው ተመልካች ጋር አይወዳደርም። ራዳር በመርከብ ላይ ከመዋሉ በፊት ይህን ችግር የሚፈታ ሌላ መንገድ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት የአይሮፕላን ተሸካሚ መርከብ እጥረት ነው። የ1922 የዋሺንግተን ስምምነት ፈረንሳይ እስከ 60,000 ቶን የሚደርሱ አይሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች እንዲኖሯት ፈቅዶላት ነበር። እርሷ ግን በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ጨርሳ ያሰማራችው ቤያርን የተባለችውን አንዲቱን ብቻ ነው። ቤያርን የጦር መርከብ ቀፎ ተለውጦ የተሠራች ስለ ነበረች ፍጥነቷ ዝቅተኛ ነበረ፤ ከአዲሶቹ ፈጣን መርከቦች ጋር እኩል ለመሄድ አትችልም። ዦፍር የተባለችው አዲሲቱ ተሸካሚ መሠረቷ የተጣለው በ1938 ሲሆን ሳትጨረስ ቀርታለች። በአንጻሩ የፈረንሳይ ግዛት ከካራይብ ደሴቶች እስከ ኢንዶቺና ተዘርግቶ ነበር። ይህን ሁሉ ባሕር የሚጠብቁት ክሩዘሮችና ትናንሽ ጠባቂ መርከቦች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዐይን ይዘው መሄድ ነበረባቸው። ተሸካሚ መርከብ ላልሠራ መንግሥት ይህ የቀረ ርካሽ መፍትሔ ነበር ብንል አንሳሳትም።

ከዚህ አሳብ የተወለደች አንዲት እንግዳ መርከብ አለች፤ ኮማንዳን ቴስት ትባላለች። በ1929 ውሃ ላይ ወርዳ በ1932 አገልግሎት ጀመረች። መንደርደሪያ ሜዳ የላትም፤ ነገር ግን አራት ካታፑልቶችና 26 የባሕር አይሮፕላኖችን የሚይዝ ሰፊ ማደሪያ ነበራት። ስሟ የተሰጣት በ1920 በቤያርን ወለል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሮፕላን ላሳረፈውና በ1925 በበረራ አደጋ ለሞተው የባሕር ኃይል መኰንን ለፖል ቴስት መታሰቢያ ነው። ሎዋር 130 በብዛት አገልግሎት ስትጀምር ከመጀመሪያዎቹ ቤቶቿ አንዷ ይህች መርከብ ሆናለች።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ኃይሉ ከመርከብ የምትወረወር አዲስ ቃኚ አይሮፕላን እንድትሠራለት ጠየቀ። ከብሬጌ፣ ከጉርዱ ሌሰርና ከሊዮሬ ኦሊቪዬ ፋብሪካዎች ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈው በሴን ናዜር ከተማ የሚገኘው የሎዋር ፋብሪካ ነው። ይህ ድርጅት በመሠረቱ መርከብ ሠሪ ነበር፤ አይሮፕላን መሥራት የጀመረው በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው። ሴን ናዜር በሎዋር ወንዝ አፍ ላይ የተቈረቈረች የመርከብ ሠሪዎች ከተማ ስትሆን ስትራስቡር የተባለችው ታላቅ የጦር መርከብም የተሠራችው በዚያው ከተማ ባለ ሌላ የመርከብ ፋብሪካ ነው። መርከቧና በጀርባዋ የምትሸከማት አይሮፕላን የአንድ ከተማ ልጆች ሆኑ ማለት ነው።

የመጀመሪያዋ ሎዋር 130 ኅዳር 19 ቀን 1934 በረረች። መልኳን ለሚመለከት ሰው ውበት አላት ለማለት ይቸግራል። ክንፏ ከሆዷ በላይ ከፍ ብሎ በምሰሶች ተደግፏል፤ አንዲቱ ሞተሯ ከውሃው ርጭት እንድትርቅ ከላይ ተቀምጣ ተሽከርካሪዋ ወደ ኋላ ዞሯል። ሞተሯ 720 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 12 ሲሊንደር ሂስፓኖ ስዊዛ ነው። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 ሜትር፣ ቁመቷ 11 ሜትር ከ30፣ ሙሉ ጭነት ይዛ ክብደቷ 3,500 ኪሎ ነበር። በመርከብ ማደሪያ ውስጥ እንድትገባ ክንፎቿ ይታጠፋሉ። ሦስት ሰዎች ይሳፈሩባታል። ሁለት መትረየሶችና 75 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ቦምቦች ትይዛለች። ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ስትቃኝ የምትበረው በ165 ገደማ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ሰባት ሰዓት ያህል አየር ላይ ቆይታ ወደ 1,100 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች።

ተቺዎች የሚይዙት ያንን 220 ነው። እርግጥ በዚያው ዘመን የተሠራችው የጀርመን አራዶ 196 ከ300 በላይ ትፈጥን ነበር፤ መድፍም ነበራት። ነገር ግን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሚመካባት ዋልረስ የተባለችው በራሪ ጀልባ ባለ ድርብ ክንፍና ከሎዋር ያልተሻለች ቀርፋፋ ነበረች፤ ዛሬ ግን ስሟ በፍቅር ይነሣል። ልዩነቱ በአይሮፕላኖቹ ሳይሆን በባሕር ኃይሎቹ ዕድል ላይ ይመስለኛል። ዋልረስ እስከ ጦርነቱ መጨረሻ የተዋጋና ያሸነፈ ባሕር ኃይል ነበራት። ሎዋር ግን ጌታዋ በአሥር ወር ውስጥ ተሸንፎ ቀረ።

አገልግሎቷን በ1937 ጀመረች። በጠቅላላው ወደ 125 ያህል ተሠርተዋል። በመካከሉ የነሐሴ 1936 ሕግ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎችን የመንግሥት ስላደረጋቸው ሥራው በምዕራብ ፈረንሳይ ለተቋቋመው የመንግሥት የአይሮፕላን ድርጅት ተላለፈ። አይሮፕላኗ በሁለት ዓይነት ትሠራ ነበር፤ አንዱ ለአገር ቤት፣ አንዱ ለቅኝ ግዛት። የቅኝ ግዛቷ አካሏ የጠነከረ ሲሆን በሞቃት አገር ሞተሩ እንዳይግል የማቀዝቀዣዋ ራዲያተር ሰፋ ያለ ነው። ይህ ትንሽ ዝርዝር ቢመስልም ባሕር ኃይሉ ገና ከጅምሩ ይህችን አይሮፕላን ለቱሎን ብቻ ሳይሆን ለሳይጎንም እንዳሰባት ያሳያል።

አሁን አሠራሯን እንመልከት፤ ምክንያቱም የሎዋር 130 ታሪክ ያለዚህ አይገባም። ከመርከብ መነሣት ቀላሉ ክፍል ነው። አይሮፕላኗ በካታፑልቱ ሐዲድ ላይ ባለ ጋሪ ላይ ትቀመጣለች፤ ነጂው ሞተሩን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፤ ከዚያም የታመቀ አየር ወይም የባሩድ ኃይል ጋሪውን ሲገፋው በጥቂት ሜትሮች ርቀት ውስጥ ለመብረር የሚበቃ ፍጥነት ታገኛለች። አስቸጋሪው መመለሱ ነው። መርከቧ ወደ ጐን ትታጠፍና በአካሏ ማዕበሉን ከልክላ በጥላዋ ለስላሳ ውሃ ታዘጋጃለች። አይሮፕላኗ እዚያ ላይ ታርፋለች፤ እየዋኘች ወደ መርከቧ ጐን ትጠጋለች። ከሠራተኞቹ አንዱ ክንፉ ላይ ወጥቶ ከላይ የሚወዛወዘውን የክሬን መንጠቆ በእጁ ይዞ ማያያዝ አለበት። ይህ ሁሉ ሲሆን መርከቧ ወይ ቆማለች ወይ እንደ ኤሊ ታዘግማለች። በአካባቢው ሰርጓጅ መርከብ ካለ ከዚህ የተመቸ ኢላማ አያገኝም። ስለዚህ አንድ አዛዥ አይሮፕላኑን ወደ ሰማይ ለመላክ ሲወስን መርከቡን ለአደጋ ለማጋለጥም እንደ ወሰነ ያውቃል። ብዙ ጊዜ አዛዦች አይሮፕላናቸውን በመርከብ ላይ አስቀምጠው የቀሩት በስንፍና ሳይሆን በዚህ ሒሳብ ነው።

ጦርነቱ በመስከረም 1939 ሲጀመር ሎዋር 130 በታላላቆቹ የጦር መርከቦች በደንከርክና በስትራስቡር፣ በአዳዲሶቹ ክሩዘሮች፣ እንዲሁም በባሕር ዳር ጣቢያዎች ተመድባ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ አጃቢነትና ፍለጋ ነው። ሰኔ 22 ቀን 1940 ፈረንሳይ ከጀርመን ጋር የተኩስ ማቆም ውል ፈረመች። ሐምሌ 3 ቀን የእንግሊዝ መርከቦች በአልጄሪያ ጠረፍ በመርስ ኤል ከቢር በቆመው የፈረንሳይ ጦር ላይ ተኩስ ከፍተው 1,297 የፈረንሳይ ሰዎች ሞቱ። ደንከርክ ተመታች፤ ስትራስቡር አመለጠች፤ ኮማንዳን ቴስትም በዚያው ወደብ ሳለች ሳትጐዳ ወጣች። ከዚያ በኋላ ይህች አይሮፕላን ማንን ትፈልግ፣ ማንን ትጠብቅ? የትናንቱ ወዳጅ ጠላት ሆነ፤ የትናንቱ ጠላት ደግሞ አገሯን ይዟል። እንደ ብዙ የፈረንሳይ መሣሪያዎች ሎዋር 130ም የቪሺ መንግሥት ንብረት ሆና ቀረች።

ሥራዋ በግልጽ የሚመዘንበት ቀን የመጣው ከዚህ ሁሉ ርቆ በሲያም ባሕረ ሰላጤ ነው። ታይላንድ ቀደም ብሎ በፈረንሳይ የተወሰደባትን የካምቦዲያና የላኦስ ምድር ለማስመለስ፣ ፈረንሳይ በአውሮፓ መሸነፏን አይታ፣ በ1940 መጨረሻ ጦርነት ጀመረች። በየብስ ፈረንሳዮች አልቀናቸውም። በዚህ ጊዜ የኢንዶቺና ገዥ የነበረው አድሚራል ዣን ደኩ በባሕር በኩል እንዲመታ አዘዘ። ላሞት ፒኬ የተባለችው ክሩዘር፣ ዱሞን ዱርቪልና አሚራል ሻርኔ የተባሉት የቅኝ ግዛት ጠባቂ መርከቦች፣ እንዲሁም ታዩርና ማርን የተባሉት ሁለት ያረጁ ትናንሽ መርከቦች በመርከብ አዛዥ በሬጂስ ቤራንዤ ሥር ተሰበሰቡ። ታዩርና ማርን ከአንደኛው ጦርነት ዘመን የተረፉ ነበሩ። ይህ ጦር ካለው ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው የጠላት መርከቦች የት እንደ ቆሙ ማወቅ ነበር፤ ምክንያቱም የታይላንድ ባሕር ኃይል በቁጥር ይበልጠዋል፤ 203 ሚሊ ሜትር መድፍ የታጠቁ ጃፓን ሠራሽ መርከቦችም ነበሩት። የላሞት ፒኬ መድፎች 155 ሚሊ ሜትር ብቻ ናቸው።

ቅኝቱ ለሎዋር 130 ተሰጠ። መነሻቸው በካምቦዲያ ጠረፍ ያለችው ሬአም ነበረች። አይሮፕላኖቹ ከትራት እስከ ሳታሂፕ ያለውን የታይላንድ ጠረፍ በረው ቃኙ። ብዙዎቹ መርከቦች በሳታሂፕ ጦር ሰፈር እንዳሉ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ በኮ ቻንግ ደሴት አጠገብ መልሕቅ ጥለው እንደ ቆሙ ተናገሩ። ቤራንዤም በደንብ ከተጠበቀው ከሳታሂፕ ይልቅ የኮ ቻንግን መርጦ ሌሊቱን ተጓዘ። እስከዚህ ድረስ የአይሮፕላኗ አገልግሎት እንከን አይወጣለትም። ትንሹ ጦር ትልቁን ትቶ የሚችለውን እንዲመርጥ ያደረገው እርሷ ያመጣችው ወሬ ነው።

ጥር 17 ቀን 1941፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ፣ መርከቦቹ በሦስት ተከፍለው በደሴቶቹ መካከል ገቡ። ከንጋቱ በ12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ አንዲት ሎዋር 130 በመቆሚያው ላይ አልፋ በረረችና ሁለት ቶርፒዶ ጀልባዎች እንዳሉ በሬዲዮ አስታወቀች። ይህ ለፈረንሳዮቹ ያልጠበቁት ነገር ነበር፤ የቀደመው ወሬ አንዲት ብቻ ናት ይል ነበርና። የቀደመው ወሬ ሐሰት አልነበረም። ሌሊቱን ቾንቡሪ የተባለችው ሶንግክላ የተባለችውን ልትተካ መጥታ ነበር፤ ሶንግክላም በዚያው ቀን ወደ ሳታሂፕ ልትመለስ ነበረች። ከሰማይ የታየ እውነት ዕድሜው አጭር ነው፤ ዛሬ ማታ የታየው ነገ ጧት ላይገኝ ይችላል። ቤራንዤ የጧቷን በረራ ባያዝ ኖሮ ከአንዲት ጋር እዋጋለሁ ብሎ ከሁለት ጋር ይገናኝ ነበር።

ነገር ግን ያችው በረራ ሌላ ነገርም አደረገች። አይሮፕላኖቹ ከማየት አልፈው ቦምብ ለመጣል ሞከሩ፤ ከታች ብርቱ የጸረ አይሮፕላን ተኩስ ገጠማቸው። የታይላንድ መርከበኞች ከእንቅልፋቸው ነቁ። የፈረንሳይ መርከቦች ከታቀደላቸው የተኩስ ስፍራ ለመድረስ ገና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀራቸው ነበር። የተደበቀው ነገር ተገለጠ፤ የታይላንድ መርከበኞች እንፋሎት ለማፍላትና መልሕቅ ለማንሣት ተሯሯጡ። እንግዲህ የአንዲቱ በረራ ዋጋ በሁለት በኩል ይቈጠራል። ለፈረንሳዮቹ የጠላትን ቁጥር ነገረቻቸው፤ ለታይላንዶቹ ደግሞ የፈረንሳዮቹን መምጣት ነገረቻቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ በማየቷ ሳይሆን ለማየት የተሠራች አይሮፕላን እንድትወጋ በመደረጓ ላይ ነው። ሁለት ባለ 75 ኪሎ ቦምቦች የጦርነቱን መልክ አይለውጡም፤ የጠላትን እንቅልፍ ግን ያባርራሉ። በጸጥታ ከፍ ብላ አልፋ ቢሆን ኖሮ ላትሰማ ትችል ነበር ወይ የሚለውን መልሶ መፈተን ባይቻልም፣ ጥያቄው ሊነሣ ይገባዋል።

በ12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ተኩስ ተጀመረ። ሶንግክላና ቾንቡሪ በጣሊያን የተሠሩ ፈጣን ጀልባዎች ቢሆኑም ገና መልሕቃቸው ላይ ሳሉ ስለ ተያዙ ፍጥነታቸው አልጠቀማቸውም፤ ሁለቱም ሰጠሙ። በ12 ሰዓት ከ38 ገደማ ላሞት ፒኬ ከደሴቶቹ በስተኋላ የምትንቀሳቀሰውን ቶንቡሪን አየቻት። ከዚህ በኋላ ሁለቱ መርከቦች ረጃጅም ደሴቶች በመካከላቸው እየገቡ እየከለሏቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ተታኰሱ። የቶንቡሪ አዛዥ በውጊያው መጀመሪያ አካባቢ ጥይት ማዘዣውን ሲመታው ሞተ። መርከቧ ነድዳና ተጋድማ ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ ሸሸች፤ በኋላም ተገለበጠች። በ2 ሰዓት ከ40 ቤራንዤ የታይላንድ አይሮፕላኖች እንዳይደርሱበት መመለስን አዘዘ፤ ደረሱበትም፣ ነገር ግን ብዙ ጉዳት አላደረሱም። ከታይላንድ ወገን 36 መርከበኞች ሞቱ፤ ከእነርሱም 20ው የቶንቡሪ፣ 14ቱ የሶንግክላ፣ 2ቱ የቾንቡሪ ነበሩ።

የሁለቱ አገሮች ጸሐፊዎች ስለዚህ ቀን አይስማሙም። ፈረንሳዮቹ ፍጹም ድል ነው፣ አንድም ሰው አልሞተብንም ይላሉ። ከታይላንድ ወገን ደግሞ ላሞት ፒኬ ተጐድታ ሸሸች፣ መርከበኞቻችን መጠናቸውን ከሚበልጥ ጠላት ጋር እስከ መጨረሻው ተዋግተው መለሱት የሚል አለ። የሰጠሙትን መርከቦች ስንቈጥር የውጊያው ውጤት አያከራክርም። ነገር ግን የጦርነቱ ውጤት ከውጊያው ጋር አልሄደም። ጃፓን ገላጋይ ሆና ገባች፤ የተኩስ ማቆሙ ውል ጥር 31 ቀን 1941 ሳይጎን ላይ በቆመችው ናቶሪ በተባለችው የጃፓን ክሩዘር ተፈረመ። በግንቦት 9 ቀን በቶኪዮ በተፈረመው ስምምነት ፈረንሳይ ባታምባንግንና ከሜኮንግ ወዲህ ማዶ ያለውን የላኦስ ምድር ጨምሮ ለታይላንድ ለቀቀች። በባሕር ላይ ያሸነፈው በጠረጴዛ ዙሪያ ተሸነፈ። ያ ምድር ወደ ቀድሞው የተመለሰው ታላቁ ጦርነት ካበቃ በኋላ በ1946 ነው።

በአውሮፓ በኩል የሎዋር 130 መጨረሻ ከቤቶቿ መጨረሻ ጋር የተያያዘ ነው። ኅዳር 27 ቀን 1942 ጀርመኖች ቱሎን ሲገቡ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መርከቦቹን በገዛ እጁ አሰጠመ። ስትራስቡር፣ ደንከርክ፣ ክሩዘሮቹና ኮማንዳን ቴስት በአንድ ጧት ጠፉ። መርከብ የሌላት የመርከብ አይሮፕላን ደግሞ የጠረፍ ጠባቂ ከመሆን በቀር ሌላ ዕጣ አይኖራትም። ኮማንዳን ቴስት በኋላ ከውሃ ብትወጣም ተመልሳ ለአገልግሎት አልበቃችም፤ በ1950 ተሽጣ ተሰባበረች።

ከጦርነቱ በተረፉት መርከቦች ላይም ቢሆን ለእርሷ ስፍራ አልተገኘም። ሪሽልዩ የተባለችው ታላቅ የጦር መርከብ በ1943 ኒውዮርክ ገብታ ስትታደስ የአይሮፕላን ማደሪያዋና ካታፑልቶቿ ተነሥተው ብዙ ባለ 40 ሚሊ ሜትር የጸረ አይሮፕላን መድፎች ተጨመሩላት፤ ራዳርም ተተከለላት። የእድሳቱን ሥራ ያቀዱት መሐንዲሶች ምክንያት ግልጽ ነው። ራዳር በጨለማም በጉምም ያያል፤ ለማንሣትና ለመመለስ መርከብ አያቆምም፤ የሚነድ ቤንዚንም በመርከቡ ጀርባ ላይ አያስቀምጥም። ከርቀት የሚፈለገውን ቅኝት ደግሞ ከየብስ የሚነሡትና ከተሸካሚ መርከቦች የሚበሩት ፈጣን አይሮፕላኖች ወረሱት። ይህ ለውጥ የመጣው በፈረንሳይ ብቻ አይደለም፤ የእንግሊዝ ታላላቅ መርከቦችም በዚያው ጊዜ ገደማ ካታፑልቶቻቸውን አውርደዋል።

ከጦርነቱ በኋላ የተረፉ ጥቂት ሎዋር 130 አይሮፕላኖች በኢንዶቺና ወንዞችና ጠረፎች ላይ ጥቂት ዓመታት ሠርተዋል። በዚያ ጊዜ ከእነርሱ ጋር በአንድ ጓድ ይበሩ የነበሩት ጃፓኖች ትተዋቸው የሄዱ ባለ እግር የባሕር አይሮፕላኖች ነበሩ።

በኮ ቻንግ የሰመጠችው ቶንቡሪ በበኩሏ ከውሃ ወጥታለች። የፊት መድፎቿና የማዘዣ ክፍሏ በታይላንድ የባሕር ኃይል አካዳሚ ግቢ መታሰቢያ ሆነው ቆመዋል፤ ባሕር ኃይሉም በየዓመቱ ጥር 17 ቀን በዚያ ጧት የሞቱትን መርከበኞች ያስባል።